ኖር ያልተባሉት አባት

ዘሪቱ በቀኝ እጇ ጆጉን፣ በግራዋ ሳፋውን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ የመምህር ተስፋዓለምን እጅ ታስታጥባለች። መምህሩ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። የድሮ የእንግሊዞች ፊልም ነው፤ ጌቶቹ ረጅም ገበታ ከበው ይበላሉ፣ ሽበታም አሽከራቸው ከኋላቸው እንደ ምሰሶ ቆሟል።

«አየሽ ወንጌላዊት፣» አለ ሚስቱን፣ «ሠላሳ ዓመት ሲያገለግላቸው መልኩን እንኳ አያውቁትም።» እርጥብ እጁን ወደ ዘሪቱ ትከሻ ሰደደ፤ ፎጣው እዚያ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። የዘሪቱ አባት አቶ አካለ ወልድ ነበሩ፣ ከደብረ ኤልያስ በጠዋቱ መኪና የመጡ። ዘሪቱ ክው አለች። «እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ» ብላ መልእክት ልካላቸው ነበር። ውሸቷን ከደረሱበት ይዘዋት ይመለሳሉ፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን ነው የቀረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የተማረችው ለዚያ ነበር።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ። በአገራቸው ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፣ ገቢው «በእግዜር» ብሎ ይመልሳል። መልሱን አፋቸው ላይ ይዘው ጠበቁ። ማንም አልተነሳም።

«ይግቡ አባቴ፣ ዱካው ላይ ይቀመጡ፣» አለ መምህሩ ዓይኑን ከፊልሙ ሳይነቅል።

ሄደው ተቀመጡ፤ እሳቸውም ማየት ጀመሩ።

«ያ ሽማግሌ ምን አጥፍቶ ነው ያቆሙት?»

«አሽከር ነዋ። እስኪበሉ ቆሞ ይጠብቃል።»

«እሱስ የት ይበላል?»

«ጓዳ።»

አካለ ወልድ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ጆጉ ከእጇ አልወረደም። «አንቺስ የት ትበያለሽ?»

«ከእነሱ ጋር፣ አባዬ፣» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

መምህሩ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ወንጌላዊት ፈጠን ብላ «ነይ እንጂ ዘሪቱ፣ ወጡ ቀዘቀዘ፣» አለች። ዘሪቱ ጆጉን አስቀምጣ ከገበታው ዳር ተቀመጠች። እጇን ግን የሚያስታጥባት አልነበረም። ባልና ሚስቱ ተያዩ።

አባቷ ተነሱ። ጆጉን አንስተው በልጃቸው እጅ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱላት።

«ኧረ እርስዎማ አይሆንም፣ አባቴ፣» አለ መምህሩ ብድግ እያለ።

«ተቀመጥ ልጄ። አንተ ፊልምህን እይ።»

ስትሸኛቸው በር ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ተፈተኚ። በማግስቱ እመጣለሁ፤ ልብስሽን ሰብስበሽ ጠብቂኝ።»

አባቷ በሄዱ ማግስት፣ ሰኞ፣ ዘሪቱ ምሳዋን እንደ ወትሮው ጓዳ በላች።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ቤታችሁ ውሃ የምታስታጥብ ልጅ ካለች፣ እባካችሁ ዛሬ ጆጉን ተቀበሏትና እናንተ አስታጥቧት።