አሥር ሺህ አንድ

ስሙ ታረቀኝ ነው፤ ከሰው ጋር ሲታረቅ ግን ያየው የለም። የዱመርሶ ቡና ገበሬ ልጅ ነው፤ ዲላ ተምሮ ፍስሐ ገነት ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ሆነ። ተማሪዎቹ ቁጣውን ቢፈሩም ትምህርቱ ይገባቸው ነበር። ኋላ ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን መጣና ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተተከለ። ከአዲስ አበባ በሳተላይት፣ ያውም በእንግሊዝኛ ያስተምራል። የታረቀኝ ሥራ ትምህርቱን አስተዋውቆ ጥግ ይዞ መቆም ሆነ። እንደ ዘበኛ! ልጆቹ አፍጥጠው ያያሉ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ደሙ ሳይፈላ የዋለበት ቀን አልነበረም።

አንድ ረቡዕ ፕላዝማው ዘጠነኛ ክፍሎችን ጠየቀ፦ አሥር ሺህ አንድ ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ? ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም ወይ? አንድ ደቂቃ ሰጣቸው።

ሀዲጃ የባለሱቁ የሙሐመድኑር ልጅ ናት። አባቷ፣ “ዘንድሮ ከወደቅሽ ትምህርት በቃሽ፤ ሱቅ ትገቢያለሽ” ብሏታል። በሦስት ሞከረች፣ በሰባት ሞከረች፣ በአሥራ አንድ ሞከረች፤ በሁሉም ይተርፋል። ግራ ገባትና እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ የት ድረስ ነው የምንሞክረው? እስከ አሥር ሺህ?”

ፕላዝማው መልሱን ተናግሮ ወደ ሌላ ርዕስ አልፏል። ሀዲጃ እስክሪብቶዋን ወረወረች።

ታረቀኝ ንዴቱ አናቱ ላይ ወጣ። የትምህርቱ ዋና ጥያቄ ተጠይቆ መላሽ ይጥፋ? ሄዶ ፕላዝማውን ድርግም አደረገው።

“መቶ በመቶ ሲባዛ ስንት ነው?” ብሎ ጮኸ።

“አሥር ሺህ!”

“ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው አሥር ሺህ አንድ ከሰጡ፣ ሁለቱም ከመቶ ሊበልጡ ይችላሉ?”

ሀዲጃ መቶ አንድን በመቶ አንድ አባዝታ አየች፤ ከአሥር ሺህ አንድ በለጠ። “አይችሉም! አንደኛው ከመቶ በታች መሆን አለበት። እስከ መቶ ካጣን ከዚያ ወዲያ መልፋት የለብንም!”

ተማሪዎቹ እስከ መቶ ያሉትን ቁጥሮች በየረድፉ ተከፋፍለው በእነሱ ማካፈል ጀመሩ። ሰባ ሦስት ላይ ምንም አልተረፈም፤ ሰባ ሦስት ጊዜ መቶ ሠላሳ ሰባት ልክ አሥር ሺህ አንድ ሆነ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደመላሽ ጩኸቱን ሰምቶ ገባ።

“ማነው ያጠፋው? ትምህርቱ አመለጣቸው እኮ!”

“ዓመቱን ሙሉ ሲያመልጣቸው የት ነበርክ?” አለ ታረቀኝ።

ደመላሽ ፕላዝማውን መልሶ ከፈተው። “ማስጠንቀቂያ አንድ ጊዜ ተጽፎልሃል። አሁን ደግሞ ካላረፍክ ከሥራ ትሰናበታለህ፤ ነገርኩህ።”

ሀዲጃ ብድግ አለች። “ቲቸር፣ አንድ ሚሊዮን አንድስ? እሱስ የት ድረስ ነው?”

“ቁጭ በይና ፕላዝማውን ተከታተይ” አላት ደመላሽ።

“አልቀመጥም!” ወደ ፕላዝማው ጠቆመች። “ይሄ መቼ ይሰማኛል?”

ታረቀኝ ደመላሽን አየው። ከዚያ ጠመኔውን አነሳና በሚለፈልፈው ፕላዝማ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ሺህ በሺህስ ስንት ነው?” አለ።

ክፍሉ በሙሉ፣ “ሚሊዮን!” ብሎ ጮኸ።