ስም ያልወጣላቸው ልጆች

አዲስ አበባ የኖረ ሰው «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ባንክ መስኮት ላይ ሳይሰማ አልቀረም። እኛ ሆስፒታል ግን ሲስተሙ ሊመጣ ነው ተባለ። ሆስፒታሉ ከጎሮ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የግል ሆስፒታል ነው፤ ከውጭ ሲያዩት መስታወት በመስታወት ነው። ካርድ ክፍሉ ግን እስከ ጣሪያው ድረስ በወረቀት ፎልደር ታጭቋል፤ አንድ ካርድ ጠፋ ከተባለ በሽተኛው ኮሪደር ላይ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ስለዚህ ወረቀት ሊቀር ነው ሲባል ከማንም በላይ ደስ ያለኝ እኔ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ «ኮምፒውተር የምትፈራዋ አሮጊት ነርስ» እየተባልኩ ስለታማሁ ነው። አሮጊትም አይደለሁም፣ ኮምፒውተርም አልፈራም።

የማዋለጃና የአራሶች ክፍል ኃላፊ ነኝ። እኛ ጋ የተወለደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ስም ሳይኖረው ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ስም የሚያወጣለት ሽማግሌ ገና ከጎጃም በአውቶቡስ እየመጣ ይሆናል። ክርስትናው እስኪደርስ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ፤ የወሎ ሙስሊሞች ደግሞ ሰባተኛው ቀን እስኪሞላ ይጠብቃሉ። አባትየውን «ማን ልትሉት ነው?» ስንለው «እሱን ለአባቴ ትቼዋለሁ» ብሎ ይስቃል። ስለዚህ ሁልጊዜም ሕፃኑ እጅ ላይ በምናስረው ፕላስተር «የእገሊት ልጅ» ብለን እንጽፍና የእናቱን የካርድ ቁጥር ከጎኑ እናሰፍራለን።

ስልጠናውን የሰጡን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ቢሮ ካለው ድርጅት የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ጎበዞች ናቸው፤ የጠየቅናቸውን ሁሉ ሳይሰለቹ ያስረዳሉ። የእኔ ክፍል ተራ ሲደርስ ለሙከራ አንድ አራስ ልጅ ልመዘግብ ሞከርኩ። የስሙን ቦታ ባዶ ትቼ ለማለፍ ስል ማሽኑ ቀይ መስመር አስምሮ እምቢ አለኝ። አሰልጣኙን ጠራሁት።

«ሲስተር፣ ሲምፕል ነው» አለኝ። «ጀስት ‹ቤቢ› ብለሽ ሴቭ አድርጊው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ስም ሲወጣላቸው መጥተው ኤዲት ያስደርጋሉ።»

«ለመሆኑ ወልደህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ እኔም ለጊዜው አብሬው ስቄ አለፍኩት።

ሲስተሙ በይፋ ከመመረቁ በፊት ለጥቂት ቀናት ወረቀቱንና ሲስተሙን ጎን ለጎን እንድንሠራባቸው ተደረገ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሁለት እናቶች ተከታትለው ገቡ፤ አንዷ ከሰሚት፣ አንዷ ከጎሮ። ስማቸው አንድ ነው፣ የአባታቸውም ስም አንድ ነው፤ እኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ሁለቱም ወንድ ወለዱ። ሁለቱም ልጆች «ቤቢ» ተብለው በእናቶቻቸው ስም ተመዘገቡ። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ኮምፒውተሯ «ተመሳሳይ ሰው ተገኝቷል፤ ላዋህደው?» ብሎ ሲጠይቃት «አዎ» አለች። አልፈርድባትም፤ ስልጠናው ላይ አንድን ሰው ሁለቴ መመዝገብ እንደ ትልቅ ኃጢአት ሲነገራት ነው የሰነበተችው። እንዲህ ሆኖ ሁለት ወንድ ልጆች አንድ ሰው ሆኑ።

በማግስቱ ጠዋት የሕፃናት ሐኪማችን ስክሪኑ ፊት ቆሞ ጠራኝ።

«ሲስተር፣ የዚህ ልጅ የደም ውጤት ምንም ችግር የለበትም ይላል። ልጁ ግን ቢጫ ሆኗል።»

ከጎሮ የመጣችው እናት ልጅ ነበር። ዓይኑን ገለጥ አድርጌ ሳየው ነጩ ቢጫ ሆኗል፤ የወፍ በሽታ ነው። የሁለቱም ሕፃናት ደም ተመርምሮ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን የሰሚቷ እናት ልጅ ውጤት ነው። ሐኪሙ ከስክሪኑ ይልቅ ዓይኑን አምኖ ደሙ እንደገና እንዲመረመር አዘዘ። ልጁም ወዲያው ቢጫነቱን የሚያክመው መብራት ስር ገባ። እናቱ እኮ ልብሷን ቀይራ፣ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ለመውጣት ተዘጋጅታ ነበር፤ ባሏ በር ላይ ታክሲ አቁሞ ይጠብቃል። ያ ቢጫነት በጊዜ ካልታከመ አእምሮን ሊጎዳ እንደሚችል የማያውቅ የአራስ ነርስ የለም። መድኃኒት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና በንዴት አለቀስኩ።

ነገሩን ስብሰባ ላይ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። የጠየቅሁትም ቀላል ነገር ነው፦ አራስ ልጅ ያለ ስም ይመዝገብ፣ በእናቱ የካርድ ቁጥር ይታሰር፣ ማንም ከማንም ጋር እንዳያዋህደው ይቆለፍ። አሰልጣኙ «ይቻላል፣ ግን ሳምንታት ይፈልጋል» አለ። ምረቃው ሰኞ ነው። ባነሩ በር ላይ ተሰቅሏል፣ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ኬክም ታዟል። ዳይሬክተራችን፣ ስንት ዓመት ያከበርኳቸው ትልቅ ሐኪም፣ መፍትሔ አገኙ።

«ከሰኞ ጀምሮ ስም የሌለው ሕፃን አይመዘገብም። እናቶች ከመውጣታቸው በፊት ስም ይስጡ።»

«እንግዲያው ክርስትናውንም እዚሁ እናድርገዋ ዶክተር» አልኩ። «ቄስ እንቅጠር፣ ሼህም እንቅጠር፤ አያቶችንም በአምቡላንስ እናስመጣ።»

ሰው በእጁ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ትእዛዙ ሰኞን እንኳ አልጠበቀም። በማግስቱ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ወደ ዋርዱ መጥታ አንዲት የወሎ እናት አልጋ አጠገብ ቆመች። እናትየው ገና ደም እየፈሰሳት ነው። «ስሙን ማን ልበል?» ስትላት ግራ ገብቷት ወደ እናቷ ዞረች። አሮጊቷ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ልጄ፣ እኛ ልንወልድ ነው የመጣን። የልጁን ስም ወገኑ ተሰብስቦ ያወጣለታል። አንቺ ምን አስቸኮለሽ?»

ሠራተኛዋ አፍራ ወጣች። እኔ ደግሞ እዚያው አልጋ አጠገብ እንደቆምኩ ልቤ ቆረጠ። ምረቃው እንዲካሄድ የየክፍሉ ኃላፊ «ዝግጁ ነን» ብሎ መፈረም ነበረበት። ሌሎቹ ፈርመዋል። ዓርብ ከሰዓት ዳይሬክተሩ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ፣ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው።

«እኔ ጋ ዝግጁ አይደለንም። ዝግጁ ነን ብዬ አልፈርምም።»

«ስንት ሰው እንደተጋበዘ ታውቂያለሽ?»

«እንግዶቹ ኬካቸውን በልተው ይሄዳሉ ዶክተር። ከማሽኑ ጋር የሚቀሩት ልጆቹ ናቸው።»

«ከኃላፊነትሽ ልናነሳሽ እንችላለን።»

«ይችላሉ። ለሚተካኝ ሰው ግን ያ ልጅ እንዴት ሊወጣ እንደነበረ ቁጭ አድርጌ ነው የምነግረው።»

ተቆጡ። እሳቸውም ከሆስፒታሉ ባለቤቶች በኩል መከራቸውን እያዩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያ ግን ልጁን ቢጫ ከመሆን አያድነውም። ወረቀቱን ሳልፈርም ትቼው ወጣሁ። ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ሥራዋን በቀልድ አታስይዝም። ፈርቻለሁ። ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ ይበልጥ ነበር።

ሰኞ ሪባኑ ተቆረጠ፤ ጭብጨባው እስከ ዋርዳችን ተሰማ። እኛ በወረቀታችን ቀጠልን። ከኃላፊነቴ አላነሡኝም፤ ምናልባት ዋርዱን እሺ ብሎ የሚረከብ ስላጡ ይሆናል። በዚያው ቀን ግን «የሥራ ትእዛዝ ባለማክበር» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የሆስፒታሉ ካፌ ስገባ አንዳንዱ ሠራተኛ ወሬውን ያቋርጣል። ቡናዬን እዚያው መሐላቸው ተቀምጬ ጠጣሁ።

ከሳምንታት በኋላ ያ አሰልጣኝ ላፕቶፑን ይዞ ተመለሰ። የስሙን ቦታ ባዶ ተውኩት፤ ማሽኑ ዝም አለ። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት እናቶች ፈጠርኩ፣ ልጆቻቸውን መዘገብኩ፣ ልቀላቅላቸው ከሰዓቱን ሙሉ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። ማሽን እምቢ ሲለኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ፈረምኩ።

በሳምንቱ የሰው ኃይል ኃላፊው ጠራኝ። ሰውየው ሊረዳኝ ፈልጎ ነው።

«ሲስተር፣ እንግዲህ ነገሩ አልፏል። አጭር ይቅርታ ጻፊና ማስጠንቀቂያው ይነሳልሽ።»

«ምን ብዬ?»

«ተሳስቻለሁ ብለሽ።»

«አልተሳሳትኩማ።»

«ኧረ እልህ ተይ። የሠራተኛውም ፋይል ሲስተም ውስጥ እየገባ ነው፤ አንዴ ከገባ ጡረታ እስክትወጪ ይከተልሻል።»

«ይግባ» አልኩት። «ብቻ ከሌላ ሰው ጋር እንዳትቀላቅሉት። ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጻፉት።»