ለማርያም የሣልሁት ከተማ

ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመቱ ሴት ልጄን ንዳድ ያዛት። ከአልጋ የማትነሣ ሲመስለኝ ለሰፈራችን ማርያም ስለት ገባሁ። "ብታድኝልኝ፣ ያለሽበትን ከተማ በእጄ ሥዬ አመጣልሻለሁ" አልኋት። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበር ቀለም እየበጠበጥሁለት ነው ያደግሁት። ቅዱሳንን ለመሣል ግን እኔ ማን ነኝ? ቤትና ዛፍ አያቅተኝም ብዬ ነው።

ልጄ ዳነች። እመቤቴ ትመስገን።

ጣሊያን ጥሎት የሄደ ወፍራም ወረቀት ነበረን። ጫፍ ለጫፍ በዱቄት ሙጫ አያያዝሁትና ከከተማው በስተሰሜን ወዳለው ኮረብታ ጠዋት ጠዋት እወጣ ጀመር። መጀመሪያ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ከነጥዶቿ ከወረቀቱ መካከል አስቀመጥኋት። ከዚያ ከተቀመጥሁበት ሳልነሣ፣ አንገቴን ብቻ እያዞርሁ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እየሣልሁ ሄድሁ፤ ገበያውን፣ የጣሊያኑን ፎቅ፣ የሣር ቤቶቹን። የነገሥታቱ ግንብ ከወረቀቱ ጫፍ ላይ ተጣበበ። ምን ላድርግ፣ ስለቱ የእነሱ አይደለም።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው አዩኝ።

"ምነው እትዬ፣ ከተማውን ልትሸጭው ነው?" አለች አንደኛዋ።

"ማን ይገዛኛል?"

"እንግዲያ የኔን ቤት ቆርቆሮ አድርጊልኝ። በወረቀት እንኳ ዝናብ አይግባብን።"

ቆርቆሮ አደረግሁላት። እነሱንም ቁልቁል ሲወርዱ ሣልኋቸው። ገበያተኛውን ከነአህያው፣ ቄሰ ገበዙን ከነጥላቸው፣ ሁሉንም ከጎን በኩል እንዳየኋቸው ሣልሁ።

ሥራው ሲያልቅ ልጄን ይዤ ወደ ማርያም ሄድሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት፣ ስለትም የሚቀበሉት ቄሰ ገበዙ ነበሩ። ወረቀቱን ደጀ ሰላሙ መደብ ላይ ዘረጋሁት። ጎንበስ ብለው፣ ፈገግ እያሉ፣ ቤቱን ሁሉ ሲለዩ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

"ይህ ባለ ጥላ ማን ነው?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባቴ።"

"በአንድ ዓይን? በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳና ሰይጣን አይደል! የሠዓሊ ልጅ ሆነሽ ይህ ይጠፋሻል? ከተማውን ሁሉ ጋኔን አድርገሽ ለእመቤታችን አልቀበልም።"

እዚያ ኮረብታ ላይ ያየሁትን እንጂ የአባቴን ሥርዓት አላሰብሁም ነበር። ያልደረሰ ስለት የሰጠውን መልሶ ይወስዳል ሲባል ነው ያደግሁት። የልጄን እጅ አጥብቄ ያዝሁ።

እሳቸው እሷንም እኔንም አዩን። ከዕቃ ቤት ገብተው የራሳቸውን ብርዕና ቀለም ይዘው ወጡ።

"በይ፣ ዓይን ጨምሪላቸው።"

የሣልኋቸውን ሰዎች ጉንጭ ገፋ እያደረግሁ፣ ፊታቸውን እያዞርሁ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለተኛ ዓይን ሰጠኋቸው። ቄሰ ገበዙ ከራሴ በላይ ቆመው ያያሉ።

"የኔን ጎላ አድርጊው" አሉ።

"የአህያውስ?" አለች ልጄ።

"አህያው እንዳለ ይሂድ!" ብለው ሳቁ። ልጄም ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ሳቋን ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ስጨርስ ቀና ብዬ ተመለከትሁት። የሁሉም እግር ወደየጉዳዩ ይሄዳል፤ ፊታቸው ግን እኔ ወደነበርሁበት ኮረብታ ዞሯል።

"እማ፣ ከተማው ሁሉ እያየን ነው" አለች።

ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን ጠቅልለው በብብታቸው ያዙት። "ሸጋ ነው። ስለትሽ ደርሷል፤ በሰላም ግቡ" አሉኝ።

ደጁን ተሳልሜ ወጣሁ። ልጄ ቁልቁለቱን ስታይ እጄን ለቃ ሮጠች። በሽታው እንዳይመለስባት ብዬ መሮጥ ከልክያት ነበር። ያን ቀን ዝም አልኋት።