የእህትማማቾቹ ግማሽ ግማሽ ብድር

ናሬል በአውስትራሊያዋ ባላራት ከተማ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች፣ የማንንም የሳንቲም ዕዳ ሳታሳድር የኖረች ሴት ናት። ከታናሿ ከደሊስ ጋር ቤት ሲገዙ ከባንክ የወሰዱትን ብድር ለሁለት ከፈሉት። ግማሹ ለሦስት ዓመት በማይነቃነቅ ቋሚ ወለድ፣ ግማሹ በሚወጣና በሚወርድ ተለዋዋጭ ወለድ ሆነ። ናሬል ቋሚውን፣ ደሊስ ተለዋዋጩን ለመክፈል ተስማሙ።

ያኔ ተለዋዋጩ ርካሽ ነበር። ደሊስ ቁጠባዋን አውጥታ ለሽርሽር የሚሆን ተጎታች ቤት ገዛችበት።

«አንቺ እኮ በየወሩ የምትከፍዪው የፍርሃትሽን ነው» እያለች ትስቅባት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ወለዱ በየወሩ መውጣት ጀመረ። የደሊስ ክፍያ አራት መቶ ዶላር ጨመረ። አንድ ቀን እራት ላይ፣ «ሁለቱን ደምረን እኩል ብንካፈልስ?» አለች።

«ሲረክስልሽ ለምን አልደመርሽውም?» አለች ናሬል፤ ሳህኗን አንስታ ወጣች።

ከሦስት ወር በኋላ፣ የተለዋዋጩ ክፍያ ሁለት ወር አልገባም የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከባንኩ መጣ። የሁለቱም ስም ተጽፎበታል። ናሬል በምሳ ሰዓቷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ባንክ ሄደች።

«እኔ ግማሼን አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም።»

«እሱማ ይታየኛል» አላት ሠራተኛው። «ግን ለሁለት የተከፈለው የወለዱ ዓይነት ነው እንጂ ዕዳው አይደለም። ሁለታችሁም የፈረማችሁት ለሙሉው ነው። እህትዎ ካልከፈሉ እርስዎን እንጠይቃለን።»

ለጥርሷ ሕክምና ያስቀመጠችውን አውጥታ የደሊስን የሁለት ወር ውዝፍ ከፈለች። ወደ ሥራ አልተመለሰችም። ቤት ደርሳ ተጎታች ቤቱን ከፒክአፕ መኪናዋ ጋር አያያዘችና መንገድ ዳር ጎትታ አቆመችው። ካርቶን ላይ «ይሸጣል» ብላ ከደሊስ ስልክ ቁጥር ጋር ለጠፈችበት።

ደሊስ በነጠላ ጫማ ወጣች። «የእኔ ንብረት እኮ ነው።»

«ጥርሴም የእኔ ነበር። ወይ እሱ ይሸጥ፣ ወይ ቤቱ ይሸጥ። ምረጪ።»

ደሊስ ካርቶኑን ለመገንጠል እጇን ሰነዘረች። የእህቷን ፊት አየችና መልሳ ሰበሰበችው።

በሦስተኛው ቀን ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ገዙት፤ ደሊስ ከጠበቀችው በእጅጉ ባነሰ ዋጋ። የናሬልን ገንዘብ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችላት። ሁለት ሳምንት በአንድ ቤት ውስጥ ሳይነጋገሩ ከረሙ።

የናሬል ቋሚ ወለድ ዘመኑ ሲያልቅ አብረው ባንክ ሄዱ። ብድሩን እንደገና በቋሚና በተለዋዋጭ ወለድ ለሁለት ከፈሉት። አሁን ግን ሁለቱንም ክፍያ ደምረው እኩል ሊካፈሉ ነው።

«ያን ቀን እራት ላይ ያልኩሽ ይህንኑ አልነበር?» አለች ደሊስ።

ነበር። ናሬልን ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ይኸው ነው።

«ዝም ብለሽ ፈርሚ» አለቻት።