የመቱው የዕድሜ ምስክር

መቱ ውስጥ ሰው ሁለት ጊዜ ይወለዳል። አንዴ እናቱ ትወልደዋለች፤ ቆይቶ ደግሞ ወረቀት ሲያስፈልገው ጋሽ ዲበኩሉ ቀበሌ ቆመው "ሲወለድ ነበርኩ" ይሉለታል። የሁለተኛው ልደት ምቾቱ ዓመቱን ማስመረጡ ነው። ጡረታ ያስፈራው አስተማሪ ወጣት ሆኖ ይወለዳል፤ መንጃ ፈቃድ ያስቸኮለው ጎረምሳ በሰል ብሎ ይወለዳል። ጋሽ ዲበኩሉ ለማንም አያዳሉም። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ የቡሬው ነጋዴም የዳሪሙ ገበሬም ሲወለድ እዚያው ነበሩ። አንዳንዴ በአንድ ቀን መቱም ቡሬም ዳሪሙም ምጥ ላይ ተገኝተዋል፤ በምን መኪና እንደደረሱ የጠየቃቸው የለም።

ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። ሰው ሱሪውን ሊያሳጥር ይመጣና ዕድሜውንም አሳጥሮ ይሄዳል። ለዕድሜው አያስከፍሉም፤ ሰው መርዳት ነው ይላሉ። ምሳ ከተጋበዙ ግን እምቢ ብለው ጋባዡን አያስቀይሙም።

ልጃቸው ትንቢት ትሮጥ ነበር። አንድ ዓመት በከተማው የታዳጊዎች ሩጫ ተዘጋጀና ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆነ አይገባም ተባለ። ትንቢት ደግሞ አሥራ ስድስት ልትደፍን ነው። ለባዳ ሁሉ የሚያደርጉትን የገዛ ልጃቸውን እንዴት ይንፈጓት? ቀበሌ ሄደው ሁለት ዓመት ቀነሱላት። ስማቸው ስለሚታወቅ ሌላ ምስክር አምጡ እንኳ አልተባሉም። ትንቢት ሦስተኛ ወጣችና ቱታ ተሸለመች፤ እጅጌው ረዝሞባት ስለነበር እሱንም አሳጠሩላት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ አውሮፕላን ላብር አለች። ሰፈሩ ሳቀ። መቱ ውስጥ ከአባዱላ ሾፌር ፈጥኖ የበረረ ሰው እስካሁን አልታየም። እሷ ግን አዲስ አበባ ካለ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ተፈትና አለፈች፤ ወጪውንም እኛ እንችላለን አሏት። የቀራት አሥራ ስምንት ዓመት እንደሞላት የሚያሳይ የልደት ወረቀት ብቻ ነው። ትንቢት አሥራ ስምንት ሞልቷታል። ወረቀቷ ግን ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካላመጣች ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ መቼ እንደሚደገም ትምህርት ቤቱ ራሱ አያውቅም።

ጋሽ ዲበኩሉ ይሄ ለእሳቸው የአንድ ጠዋት ሥራ መሰላቸው። ወደ መዝገብ ሠራተኛው ወደ ኪቲላ ሄዱ።

"አካም ኪቲላ። የልጄን ሁለት ዓመት መልስልኝ።"

"የምን ሁለት ዓመት ጋሼ?"

"ለሩጫው የቀነስኩባትን። ውሸት ነበር።"

ኪቲላ ተነስቶ በሩን ዘጋ። "ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ። የእርስዎ ቃል ውሸት ነበር ብዬ አንዴ ከጻፍኩ፣ የሌላው ሰው ወረቀት ምን ሊሆን ነው? እኔስ? እዚህ ስቀጠር ማን ነበር የመሰከረልኝ?"

"እኔ ነኛ።"

"እንግዲያው ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እርስዎ ብለው የለ?"

ሰው ሲዋሽ ያመነው ከተማ እውነት ሲናገር ባያምነው አይገርምም። ጋሽ ዲበኩሉን የገጠማቸው ሌላ ነው፤ ከመጠን በላይ ታመኑ። በማግሥቱ ጡረታቸውን ያዘገዩት መምህር ወልደ ማርያም ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ። ሱሪው አጭር ነበር።

"ትንሽ ብትቆይ ምን ትሆናለች ዲበኩሉ?" አሉ መምህሩ። "ሰማዩ እንደሆነ የትም አይሄድ።"

ማታ ባለቤታቸው ሀረገወይን ሳህኑን ከፊታቸው እያነሳች፣ "ያበላሸኸውን አስተካክል" አለች። ጋሽ ዲበኩሉም ፍርድ ቤት አመለከቱ።

በቀጠሮው ቀን ባልና ሚስት ከነልጃቸው ሦስቱም ሄዱ። ዳኛዋ ወይዘሮ ዲሪቤ ነገሩን አጭር አደረጉት። ትንቢትን ያዋለዷት ሴትዮ ካረፉ ቆይተዋል። እናትየዋ ሀረገወይን በልደቱ ቦታ እንደነበረች ባይካድም፣ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የፈረሙት ጋሽ ዲበኩሉ ስለሆኑ ቃሉን የሚሽሩት እሳቸው ናቸው ተባለ። መሐላ አስገቧቸውና በአፋን ኦሮሞ ጠየቋቸው።

"ልጅቷ ስትወለድ ነበሩ?"

ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ተጠይቀው አያውቁም። "ነበርኩ" ማለት ለእሳቸው ደህና ዋሉ ከማለት አይከብድም፤ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ከዚያ ትንቢት ትሄዳለች። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ሀረገወይን አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ስታስተካክል አዩ። ያን ቀን ብቻዋን ያማጠችው እሷ ናት። ትንቢት ደግሞ ዳኛዋን ትታ እሳቸውን ታያለች። ጋሽ ዲበኩሉ አፈሩ። ብዙ ጊዜ አፍረው ስለማያውቁ ምን እንደያዛቸው ለማወቅ ትንሽ ቆዩ።

"ሂን ቱሬ" አሉ። "አልነበርኩም።"

"የት ነበሩ?"

"ቡሬ። ቀበሌ ቆሜ፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ ሲወለድ ነበርኩ እያልኩ ነበር።"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋ አልሳቁም። ስትወለድ ያልነበረ ሰው የልደቷን ቀን ሊያርም አይችልም ብለው አቤቱታውን ዘጉት። ሳይኖሩ የመሰከሩበት የቀድሞው ወረቀት ግን ማኅተም ስላለው ጸና፤ ሕግ ሥርዓት አለው።

ሲወጡ ወረቀቱ የተረፈለት ኪቲላ በር ላይ ጠብቆ ጨበጣቸው፤ መምህር ወልደ ማርያምም ከሩቅ ኮፍያቸውን አነሱላቸው። በገበያው በኩል ወደ ቤት ሲወርዱ ሀረገወይን የባሏን ክንድ ያዘች፤ ከተጋቡ ጀምሮ መንገድ ላይ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ትንቢት ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር። ቆመችና ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል።

"አባዬ፣ ለከተማው ሁሉ 'ነበርኩ' ስትል ኖረሃል" አለች። "ለእኔ ሲሆን ነው እውነት መናገር ያማረህ?"