የተልባው ፋሻና የአባባ ቱፋ ተረከዝ

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ናዝሬት

የተነሣሁት ቡልቡላ ሄጄ የአባባ ቱፋን እግር ለማየት ነው። በጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ፋሻ የምቀቅለውም እኔ ነኝ። ሲስተር አበበች ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል የሚሆን ፋሻ ሲሞክሩ ከርመዋል። ተልባ ቀቅለው፣ ዝልግልጉን አጣርተው፣ ስሱን የቁስል ጨርቅ፣ ጎዙን፣ ይነክሩበታል፤ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ፋሻውም ሳይጣበቅ እንዲሽር። የመጀመሪያው ፈሰሰ፤ ሁለተኛው ሻገተ። ሦስተኛውን በአባባ ቱፋ ተረከዝ ላይ አሰሩት።

«ቁስሉ ካልጠበበ ሆስፒታል እግራቸውን ይቆርጡታል» አሉኝና የቁስሉን ዙሪያ በመስመር የነደፉበትን ስስ ላስቲክ ሰጡኝ። መለወጫውን ጎዝ በጣሳ ያዝኩ።

ሞጆ ኬላ

ሁላችንንም አስወረዱን። ጠባቂው የይለፍ ወረቀቴን አይቶ ጣሳዬን ከፈተ።

«ይኼ ምንድን ነው? አጥሚት?»

«ለቁስል ነው።»

«ቁስልም አራስ ሆነ? ሂጂ፣ ሂጂ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እስከ መቂ አንገቴን አላቀናሁም። አውቶቡሱ ነዳጅ ጠብቆ ቆየ። ዝዋይ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ጥብስ ዓሣ በላሁ። ከአዳሚ ቱሉ ወዲያ አቧራና ፀሐይ ብቻ ነው፤ ወገቤ ዛለ።

9 ሰዓት፣ ቡልቡላ

አባባ ቱፋ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። መቆማቸው አስደነገጠኝ።

«አካም፣ ኢንታላ! እንዴት ነሽ ልጄ? ድኛለሁ። ትናንት ገበያ ደርሼ መጣሁ።»

«በእግርዎ?»

«በማን እግር ልሂድ? አያመኝም እኮ!»

ፋሻውን ፈትቼ ላስቲኩን ደረብኩበት። በአንድ ወገን ቁስሉ የስንዴ ፍሬ ያህል ጠቧል። በሌላው ወገን ግን ከመስመሩ አልፏል፤ የግራር እሾህ ተሰክቶበታል። ስኳሩ እግራቸውን ስላደነዘዘው፣ የጎማ ጫማቸውን በስቶ ሲገባ አልተሰማቸውም።

እሾሁን አውጥቼ አሳየኋቸው። ሳቃቸው ጠፋ። ቁስሉን አጥቤ አዲሱን ጎዝ አሰርኩ።

«ነገ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ» አልኩ።

«ከብቶቹን ማን ያጠጣል?»

ታላቅ ሰው ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም። «እርስዎ ካልሄዱ እኔም አልሄድም» ብዬ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ከጓዳ ጮኹ፦ «ከብቶቹን እኔ አጠጣለሁ! ይቺ በቅሎ ደጄን ዘግታ ልትኖር ነው እንዴ?»

በማግስቱ፣ ናዝሬት

መንገዱን ሙሉ እግራቸው ጭኔ ላይ ነበር።

«ተልባው ሠራ?» አሉ ሲስተር።

«ሠርቷል። ግን ረገጡበት።»

የሆስፒታሉ ሐኪም አይቶ መቁረጡን ለሁለት ሳምንት አቆየው፤ አባባ ቱፋ ግን ከአልጋ እንዳይወርዱ አዘዘ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ስንት ወር ቁስሉ ላይ የሚደረገውን ስናበስል፣ የሚረግጡትን አላሰብንም። አሁን ፋሻ ይዤ የሰው ቤት ስገባ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ ጫማውን ገልብጬ ውስጡን በእጄ እዳስሳለሁ።