የጎደለ ነገር ካለ

ሰመራ ዩኒቨርሲቲ በተማርኩባቸው ዓመታት አንድ ሀብት ነበረኝ፤ ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር። የትኛው ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ፣ ከዲፓርትመንታችን ልጆች ማን ምን ወስዶ ምን እንደቀረው፣ ሁሉንም እዚያ ላይ አስፍሬዋለሁ። ምዝገባ ሲደርስ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ በማለዳ፣ የዶርማችን በር ይንኳኳል። "እስቲ ደብተሯን አምጫት!" ይሉኛል። እኔም እየተንቀባረርኩ አወጣታለሁ። ቆንጆ የምባል አልነበርኩም፣ የክፍሉም ጎበዝ አልነበርኩም። ሰው የሚፈልገኝ በእሷ ነበር።

ከዚያ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው ልጅ ለመመረቂያ ፕሮጀክቷ አፕ ሠራች። የወሰዱትን በአረንጓዴ፣ የቀረውን በቀይ ያሳያል። ሳምንት ሳይሞላ በራችንን የሚያንኳኳው ሁሉ እሷን ፈላጊ ሆነ። እኔ ታች ጋደም ብዬ ሲያመሰግኗት እሰማለሁ፤ እግሯ ከላይ ተንጠልጥሎ ፊቴ ላይ ይወዛወዛል። ቅናት አንገበገበኝ። የባሰው ደግሞ ልጅቷ ደግ ናት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ስትገዛ ለእኔም ሳትይዝ አትመጣም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ምዝገባ ሳምንት ሲቀረው መጠይቅ አደለችን። "አፑ የተጠቃሚውን ፍላጎት ያሟላል?" ይላል። አያሟላም። ኤፍ ያለበትን ኮርስ ሁሉ "በሚቀጥለው ሴሚስተር መውሰድ ይቻላል" ይላል፤ አንዳንዱ ግን የሚከፈተው በዓመት አንዴ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ነው። እኔ እነዚያን ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከብቤያቸዋለሁ። ስህተቱን ሳታርም ቀርባ ፈታኞቿ ፊት ትዋረድ ብዬ ሁሉም ጥያቄ ላይ "በጣም እስማማለሁ" አልኩ። ከታች "የጎደለ ነገር ካለ ይግለጹ" የሚል ክፍት ቦታ ነበር። "የለም" ብዬ ጻፍኩ።

ፈታኞቹ ምንም አላዩም። እንዲያውም አመስግነው አሳለፏት።

ጉዳቱ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ ነው። እናቷ አዋሽ አርባ ለሹፌሮች ሻይና ፓስታ እየሸጠች የምታስተምራት ልጅ ነበረች፤ ድሮ በሬን ከሁሉም ቀድማ የምታንኳኳው እሷ ናት። የዚያ ዓመት ተመራቂ ነች፣ አንድ ኤፍ አለባት። በምዝገባው ቀን ስልኳን እያየች በበራችን አለፈች። ልጠራት አልኩና "ስልኳን ትጠይቅ!" ብዬ ተውኩት። ኮርስ ስለበዛባት፣ አፑም ይቻላል ስላላት፣ ኤፍ ያለባትን ኮርስ ወደ ሁለተኛው ሴሚስተር አሻገረችው። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲደርስ ኮርሱ አልተከፈተም፤ ምርቃቷ በዓመት ተገፋ። እናቷ ለምርቃቱ የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳ ነበር።

ልትነግረኝ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ደብተሬ ትራሴ ሥር ነበረች።

"ወላሂ ጥፋቱ የራሴ ነው" አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። "ስልኩን አምኜ አንቺን ተውኩሽ። ያኔ መጥቼ ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር፣ አይደል?"

"አዎ" አልኳት።